የሰኞው ወረቀት

ሰዓት ሠሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጉዞ ወኪሉ ቢሮ የገባ ዕለት የጠየቀው ጥያቄ ቢሮውን በሙሉ አሳቀ።

«ወደ ባሕሩ የሚሄደው የእረፍት ቻርተር በረራ፣ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ያለው፣ በየትኛው አውሮፕላን ነው የሚበረው?»

ሰው ስለ ሆቴሉ ይጠይቃል፣ ስለ ሻንጣ ኪሎ ይጠይቃል፣ ባሕሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ሳይቀር ይጠይቃል። የአውሮፕላኑን ዓይነት የሚጠይቅ ግን ታይቶም አይታወቅም። ገንዘብ ያዧ አፏን በወረቀት ሸፍና «ሊነዳው ነው እንዴ?» አለች።

ቲኬት ቆራጯ አልሳቀችም። የሰውየው ጣቶች ባርኔጣውን ይዘው ሲያሽከረክሩት አይታ አንጀቷን በላት።

«ገና አልታወቀም ጌታዬ። አውሮፕላኑን ድርጅቱ ከሌላ ነው የሚከራየው። ትልቁም ሊሆን ይችላል፣ ትንሹም። በረራው ሲቃረብ ነው ወረቀት የሚልኩልን። ለምን ጠየቁ?»

«ለእናቴ ነው። ጉልበቷ ውስጥ ብረት አለ፤ አይታጠፍም። ትልቁ ከሆነ ፊት ላይ እግር የሚያዘረጋ ወንበር አለው። ትንሹ ላይ ግን የለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ እግሯን የት ታደርገዋለች?»

ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላት። እናቱ ታላቅ እህታቸውን ካዩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። አክስቱ ባሕሩ ዳር ባለችው ከተማ ታመው ተኝተዋል፤ ያ ቅዳሜ ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ የበረራ ቀን ነው። በዚያው ቅዳሜ ሌላ ድርጅት በትልቁ አውሮፕላን ይበራል፤ ግን እናቱ ብቻቸውን መሄድ ስለሚፈሩ ጎረቤቶቻቸው ከራሳቸው ጋር እዚህ ቲኬት ቆርጠውላቸዋል። ትንሹ ከሆነ ግን ወደዚያኛው ማዛወር የግድ ነው፤ እዚያም የቀረው ወንበር ጥቂት ነው።

«እንዳወቅሽ ብቻ ንገሪኝ» አላት።

የእሱን ስልክ ቁጥር ጻፈች። የቢሮውንም ሰጠችው። ደውሎ መጠየቅ ይችላል፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

በማግስቱ ግን ራሱ መጣ። «ታወቀ?» አለ። አልታወቀም። ከሄደ በኋላ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ለምን እንደሳቀች ግን አልገባትም። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየና ፊቱ ተኮሳተረ።

«ይሄ ሰባት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል።»

«ዓመቱ ነው እኮ። ለምደነዋል።»

«እንዴት ይለመዳል?» አለና ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው፤ ከኪሱ ትንሽ መፍቻ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ በታተነው። ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል። እሷም ሳታውቀው ትንፋሿን ያዘች። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ሁለቱም ባንዴ ወደ ሰዓቱ ዞሩ።

«አስቸገርንዎት...»

«እርስዎ ስትዪኝ እማዬ አጠገቤ የቆመች ይመስለኛል። አንተ በዪኝ።»

«አንተ» አለች፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩን ታያለች። ገንዘብ ያዧ «መጣልሽ፣ አብራሪው» ትላታለች። እሱም «ታወቀ?» ይላል፤ እሷም «ገና ነው» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ስለ አውሮፕላን አይደለም።

ሰኞ መጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የፋክስ ማሽኑ አንድ ወረቀት ተፋ። አነሳችው። ትንሹ ነው።

እጇ ወደ ስልኩ ሄደ። ሄደና ቆመ። አሁን ከነገረችው ይሄዳል፤ ቲኬቱን ወደዚያኛው ድርጅት ያዛውራል፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ በር የሚገባበት ምን ጉዳይ አለው? እስኪ እናንተ ንገሩኝ፤ ሰው ደስታውን በገዛ እጁ ሸኝቶ በሩን ይዘጋል? አንድ ቀን ብቻ፣ አለች በሆዷ። ወንበሩ በአንድ ቀን አያልቅም። ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችው።

ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። «ታወቀ?»

«ገና ነው።»

ያን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ብላው ነበር፤ ውሸት የሆነው ግን ያን ቀን ነው። ማክሰኞም ደገመችው። ረቡዕ እነግረዋለሁ ብላ ምላ ከቤቷ ወጣች፤ ረቡዕ ግን ከሥራ በኋላ ሻይ ጋበዛት። ፊት ለፊት ተቀምጠው ብርጭቋቸው ቀዘቀዘ። ስለ አባቱ የሰዓት ሱቅ አጫወታት፣ እሷም ማንም ሰምቶት የማያውቀውን የልጅነት ጉዷን አወራችለት፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲለያዩ እጇን ያዘና አልለቀቀም። ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ። ይህን ማታ አላበላሽም፣ ነገ ጠዋት፣ አለች። መልሳ ዋጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮው እንደተከፈተ ወደ ሌላው ድርጅት ራሷ ደወለች። አንዲት ወንበር፣ ከፊት በኩል፣ ለአንዲት እናት።

«ውይ እህቴ፣ ትናንት አምልጦሻል» አለች ከዚያ ማዶ ያለችው። «የመጨረሻውን ወንበር የሸጥነው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።»

ሻይ ቤት የነበሩበት ሰዓት ነው። ክው አለች።

ያን ቀን ማለዳ መጣ፤ ፊቱ ገና ከትናንቱ ደስታ አልተመለሰም። «ትንሹ ነው» አለችው፣ ቀና ሳትል። «እዚያኛውም ጋ ደውዬ ነበር። ሞልቷል።»

ባርኔጣውን አንድ ጊዜ አዞረው። «ወረቀቱን ስጪኝ። እማዬ በዓይኗ ካላየች አታምንም።»

ሰጠችው። ሌላ ሰው ቢሆን የአውሮፕላኑን ስም አንብቦ አጥፎ ኪሱ ይከተው ነበር። የእሱ ዓይን ግን ዕድሜውን ሙሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ሰዓት ነው። ወረቀቱ አናት ላይ ቆመ።

«ሰኞ። አራት ሰዓት ከሩብ» ብሎ ቀስ ብሎ አነበበ። «ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ እኮ እዚህ ነበርኩ።»

«ነበርክ።»

«ታዲያ ለምን?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ማሽኑ ተሳስቶ ነው ማለት ቀላል ነው። «ካወቅህ በኋላ ተመልሰህ የምትመጣ አልመሰለኝም» አለች። «እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነው። ወድጄህ ነው።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ለአውሮፕላኑማ ስልክ ነበረኝ» አለ። «ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ በየቀኑ የምመጣው ለአውሮፕላኑ መስሎሽ ነው?»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ወጣ። አርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩን አየች። ቅዳሜም አየች።

ጎረቤቶቹ ሄዱ፤ እናቱ ቀሩ።

ከአራት ወር በኋላ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት በከዘራ እየተረዱ ገቡ። አንድ እግራቸው አይታጠፍም። ሰዓት ሠሪው ከኋላቸው መጥቶ በሩ ላይ ቀረ። ከስቷል።

«ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ?» አሉና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ ነግሮኛል። ለእኔ ብለሽ ያልደወልሽበት የለም አለኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ ስትለፊ ነበር አለኝ። እህቴ ያን ቅዳሜ ወንበሯን መስኮቱ ጋ አስጠግታ ስትጠብቀኝ ውላለች አሉ። እንግዲህ ምን ይደረግ፤ አልሆነም፣ ሳንተያይ አለፈች። አንቺን ግን ሳላመሰግን ብቀር ደስ አይለኝም።»

አገላብጠው ሳሟት።

«እማማ፣ እኔ እኮ...» አለች። እንባዋ ቀደማት። «እማማ፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ...»

«እማዬ» አለ እሱ ከበሩ። «እንሂድ። አውቶቡሱ ያመልጠናል።»

አውቶቡስ በየአሥር ደቂቃው ያልፋል። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት፤ ራሱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ። አትንገሪያት ማለቱ ነበር። ይቅር ማለቱ ይሁን፣ ለእናቱ ማዘኑ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም። እናቱን ደግፎ ወጣ፤ ዳግም አልመጣም።

ዓመታት አልፈዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አንዲት ደቂቃ አልዘገየም። ደንበኛ ሲገባ ገና ወንበር ሳይስብ «ቻርተሩ በትልቁ ነው» ወይም «በትንሹ ነው» ትላለች፤ ወረቀቱ ከማሽኑ ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ ለሁሉም ትደውላለች። ደንበኞቹ ግራ ይገባቸዋል። ገንዘብ ያዧም «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ማን ጠየቀሽ?» ትላታለች።

እውነቷን ነው። ማንም አልጠየቃትም።