ከሐሙስ በኋላ የማይታየው መስመር

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ፣ አልፈርድባችሁም።

እኔ ግን ይህን የምጽፈው ዛሬ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን።

ቢኒያም እባላለሁ። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ኮድ የምጽፍበት ኤዲተር ውስጥ የቀን እቅድ መያዣ አለ። የቢሮዬን ሥራ በአንድ ፋይል፣ የቤቱን በሌላ እመዘግብበታለሁ።

አባዬ ሾዴ ሸማኔ ነው። የልብ ሕመም አለበት። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት እኔ ካልሰጠሁት ይረሳዋል።

ማክሰኞ የቤቱን ፋይል ከፈትኩ።

«ቢኒያም፦ ለአባዬ ኪኒን።» በየቀኑ እንዲደገም ያዘዝኩት ነው።

ረቡዕ አለ። ሐሙስ አለ። ዓርብ... የለም።

ቅዳሜም የለም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የለም።

የፕሮግራሙ ስህተት ነው ብዬ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት። ኤዲተሩን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ያው ነው። ሐሙስ ላይ ይቆማል።

ዓርብ ላይ «ቢኒያም፦ አባዬን ሐኪም ቤት ማድረስ» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ እያየ ጠፋ።

የእህቴ የሳሌም ግን አለ። «ሳሌም፦ ልጇን ቦንቱን ከትምህርት ቤት ማምጣት።» ዓርብም፣ ሰኞም።

የሚጠፋው የአባዬ ብቻ ነው...

ፋይሉን ለሥራ ባልደረባዬ ለኢዮሲያስ ላክሁለት። ማታውኑ ደወለ።

«ኮዱ ምንም ችግር የለውም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢኒ... ዓርብ የት ነህ?»

«ቤት። ለምን?»

«በቃ... እንዲሁ ነው።»

ዘጋው።

ረቡዕ አባዬን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ልቡ ደህና ነው አሉኝ። አላመንኳቸውም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገቡ አልራቅኩም። ነጠላ እየሠራ ነው። ጥለቱ ጥቁር ነው።

«ለማን ነው አባዬ?»

«ለሳሌም ነዋ። ደውላ ለነገ አድርስልኝ አለችኝ።»

ሳሌም ጋ ደወልኩ።

«እኔ? ኧረ አልደወልኩም! ጥቁር ምን ያደርግልኛል? ምን ታሟርታለህ?»

ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያልሞከርኩት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የኪኒኑ መስመር ላይ የራሴን ስም አጥፍቼ የእህቴን ተካሁ።

«ሳሌም፦ ለአባዬ ኪኒን።»

ዓርብ ላይ ብቅ አለ። ቅዳሜ። እሁድ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ።

አባዬ ይኖራል! ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ።

ከዚያ የቢሮዬን ፋይል ከፈትኩ።

ከዛሬ 9 ሰዓት በኋላ አንድም መስመር የለም። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ አለ። ከዚያ በኋላ... ባዶ።

የሚጠፋው የእኔ ስም ያለበት ነው። ኢዮሲያስ ለምን እንደጠየቀኝ አሁን ገባኝ።

ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። የት ልሂድ? ከምን ልሽሽ? ምንም አላመመኝም። በሩ ተዘግቷል። ፈርቻለሁ። እጄ ከመጻፍ ሌላ የሚያውቀው የለም።

የሸማ መሥሪያው ድምፅ ቆመ።

አባዬ በሩን ከፍቶ ገባ። ነጠላውን አጣጥፎ ታቅፎታል።

«አለቀ» አለኝ። ጉንጩ ርሷል። «ግን ልጄ... ምን ሆኜ ነው የማለቅሰው?»



ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሱ ሌላ ሰው የለም።

ከጀርባው፣ ሸማ መሥሪያው እንደገና መምታት ጀመረ...