ከሙስታንጉ የተነሣው ሥዕል

ጋራዡ ባዶ ነበር። ቁልፉ አልተሰበረም፤ በሩም አልተፈለቀቀም።

የትራም ነጂው አድነው የ1969 ሙስታንግ መኪናውን ሮመን ከሚባለው ሰፈሩ ያጣው እንዲህ ነው። ትርፍ ቁልፍ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የሚስቱ ወንድም ጆኒና አብሮ አደጉ ኪሩቤል። አድነው ለማሰብ እንኳ አልደከመም። ጆኒን በእንግዶች ፊት ሌባ ብሎ ከቤቱ አባረረው። ሚስቱ ጌጤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው አገር ቋንቋ ከ«ያ» እና ከ«ናይ»፣ ከአዎና ከአይ በቀር ቃል አትሰጠውም።

ዓመት አለፈ። አድነው ሌላ ሙስታንግ መፈለግ ጀመረ። ኪሩቤል በየሄደበት አብሮት ነበር፤ የአንዱን ዝገት፣ የሌላውን የተለወጠ ሞተር እያሳየ ሁሉንም ያጣጥልበታል። ፕሪንስዳል ሰፈር የሚሸጠውን ሙስታንግ ማስታወቂያ ሲያይ ግን «ቆርቆሮ ነው፤ ጊዜህን አታባክን» ብሎ አብሮ ለመሄድ እምቢ አለ።

አድነው ብቻውን ሄደ።

መኪናው ጥቁር ነው፤ የእሱ ቀይ ነበር። የሻንሲ ቁጥሩም የሌላ ነው። መሪው ላይ ሲቀመጥ ግን ዳሽቦርዱ ላይ አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት አየ። የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል እዚያ የለጠፈው እሱ ራሱ ነበር፤ ያውም አዘንብሎ። ምልክቱም ያዘነበለ ነው።

ሻጩ ኡላ የሚባል ጡረተኛ ነው። ማን እንደሸጠለት ሲጠየቅ አፍሪካዊ ነው አለ፤ ከዚያ በላይ አያስታውስም። ለእሱ ሁሉም አንድ ፊት ነው።

«እዚህ የነበረውስ ሥዕል?»

«ሰውየው ልጦ አነሣው። ስሞ ኪሱ ከተተው።»

አድነው ከመኪናው ወረደ። ጆኒ ጴንጤ ነው፤ ሥዕል አይሳለምም።

ሃውገሩድ ሰፈር ኪሩቤል ቤት ሲደርስ ኪሩቤል በሩን ከፈተለት። አድነው ሰላም ሳይል ወደ ጸሎት ጥጉ አልፎ መጋረጃውን ገለጠ። ከሥዕሎቹ ሁሉ ኋላ ገብርኤል ቆሟል። ከግርጌው የአድነው ልጅ ኤልዳና በቀይ እርሳስ የጻፈችው «የአባቢ መኪና» እንዳለ ነው። ሌባው መቀስ ሊያነሣበት እንኳ ፈርቷል።

«ሥዕል መጣል ትፈራለህ፤ መስረቅ አትፈራም?»

ኪሩቤል አልካደም። «ያን መኪና ያገኘሁት እኔ ነኝ። ልገዛው ነው፣ ምከረኝ ብዬ ወስጄ አሳየሁህ። በማግስቱ ከጀርባዬ ሄደህ ገዛኸው። አልበቃህም፤ ቁልፍ ሰጥተህ ጠብቅልኝ አልከኝ።»

እውነት ነበር። አድነው ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«ጆኒን ሳባርረው አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

«ያባረርከው አንተ ነህ።»

አድነው ፖሊስ ጠራ። እስኪመጡም በሩ ላይ ቆሞ ለጆኒ ደወለ። ጆኒ አነሣ፤ የአማቹን ቁጥር ግን ከሰረዘው ዓመት ሆኖታል።

«አቤት፣ ማን ልበል?»