ደሎስ ላይ በቀትር የጠራኝ ድምፅ

ይህን ስነግራችሁ ልታምኑኝ አትገደዱም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሌሊት አልነበረም። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

ቦታው ግሪክ ውስጥ ያለችው ደሎስ ደሴት ነው።

አኔዞ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ከደሎስ ማዶ፣ ሚኮኖስ ላይ ነው። ባሌ ሉካስ በመስከረም ሞተ። የብርዱን ወራት ሙሉ ብቻዬን ከረምኩ። ዳቦ ጋጋሪው ጠዋት ጠዋት "ዛሬም አንድ ብቻ?" ይለኛል። እኔም "አንድ ብቻ" እላለሁ። አንዳንድ ቀን ከአፌ የሚወጣው ይኸው ነው።

በስሜ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም።

ያን እሑድ የቤቱ ዝምታ አላስቀምጥ አለኝና ወደብ ወረድኩ። የካፒቴን ስትራቲስ ጀልባ ወደ ደሎስ ሊነሳ ነው።

"የሉካስ ሚስት! አንቺም ቱሪስት ሆንሽ?" አለኝ። "ኮፍያሽስ የታል?"

"ያንተን ትሰጠኛለሃ።"

"እና ራሰ በራዬን ፀሐይ ይብላው?"

ሳቅን። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ...

ከእኛ ሌላ የተሳፈሩት ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ደሎስ ላይ ከጥንታዊው ከተማ ፍርስራሽ ጠባቂዎች በቀር ማንም አያድርም። ስንወርድ ካፒቴኑ "ስድስት ተኩል ላይ እንመለሳለን፤ እንዳትቆዩ" አለን። እኔ ብቻዬን ወደ ፈረሱት ቤቶች ወጣሁ። አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና አይብና ደረቅ ዳቦዬን ፈታሁ።

መጀመሪያ ነፋሱ ቆመ።

ቀጥሎ... የባሕሩ ድምፅ።

ድንጋዩ ላይ ሲርመሰመሱ የነበሩት እንሽላሊቶች አንዳቸውም አልቀሩም። የጠባቂዎቹ ድመቶች ግን ነበሩ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረው፣ ጣሪያ የሌለው የአንድ ቤት በር ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል።

በሩ ውስጥ ምንም የለም። ፀሐይ ብቻ።

"አኔዞ..."

የሉካስ ድምፅ ነበር።

ልክ እሱ። ብቻ... ሉካስ ስሜን ሲጠራ መጨረሻው ላይ ሳቅ ይል ነበር። ይሄኛው አልሳቀም።

"አኔዞ..."

መጠርጠር ነበረብኝ። ግን እስቲ አስቡት፤ ያን ሁሉ ወር ስሜን ሰምቼው አላውቅም።

"አቤት!" አልኩ። "እዚህ ነኝ... ሉካስ!"



ከዚያ እንደገና ጠራኝ፤ አሁን ግን ከጎኔ ነው።

"አኔዞ።"

መጨረሻው ላይ ሳቅ አለ።

የፈራሁት ያኔ ነው። ሳቁን ከልቤ ውስጥ የወሰደው መሰለኝ።

አንድ እጅ ክንዴን ጨበጠኝ። ጮህኩ።

ከጠባቂዎቹ አንዷ ነበረች፤ ዛምቤታ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"መለሱለት እንዴ?" አለች በሹክሹክታ።

"ባሌ እኮ ነው... ባሌ..."

"ባልዎ አይደለም፣ እትዬ። መለሱለት ወይ?"

"አዎ።"

"በማርያም!" አማተበች። "እኛ እዚህ በቀትር ስማችን ሲጠራ አንመልስም። ይነሱ። ከእንግዲህ ምንም ቢልዎ እንዳይመልሱ።"

"ብመልስስ?"

"ከእኔ በፊት የነበረው ጠባቂ ይመልስ ነበር።"

"እና?"

እየጎተተች አወረደችኝ።

እስከ ወደቡ ድረስ ከኋላችን እየተከተለ ጠራኝ። አይጮህም። አይቆጣም። ሉካስ ራት ቀርቧል ሲለኝ እንደነበረው ነው። ከንፈሬን ነክሼ አለቀስኩ። ስሜን መስማት... እንዴት ደስ ይል ነበር።

ጀልባው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ሁለቱ እንግዶች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

"ንዳው!"

"ምን ሆንሽ አንቺ?"

"ንዳው አልኩህ፣ ስትራቲስ!"

ገመዱን ፈታ። ዛምቤታ ወደ ቤቷ ሮጣ በሩን ስትዘጋ አየኋት። ወደቡ ላይ ማንም አልቀረም። ራቅ ስንል ድምፁ ጠፋ። እኔም ተነፈስኩ።

ያኔ... ካፒቴን ስትራቲስ ድንገት ቀና አለ። ጆሮውን ወደ ደሴቱ አዘነበለ።

እኔ የሰማሁት ነገር የለም።

"ኒኮሊስ?" አለ።

ኒኮሊስ አንድ ልጁ ነው። ከዓመታት በፊት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ጀልባው ባዶዋን ተገኘች።

"ስትራቲስ፣ እንዳትመልስ!" አፉን ልይዝ ዘለልኩ።

ገፈተረኝ። እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል... እሱ ግን ይስቃል።

"ወዬ ልጄ! መጣሁልህ!"

መሪውን አዞረው። ብለምነው፣ ብጮህ፣ ሸሚዙን ብጎትተው አልሰማኝም። እንግዶቹ ምንም አልገባቸውም፤ ፎቶ ያነሳሉ።

ወደቡ ባዶ ነው። ፀሐይና ድንጋይ።

ስትራቲስ ገመዱን ወረወረው።

ገመዱ መሬት አልነካም።

አየር ላይ ተያዘ... ተወጠረ። ጀልባችን ቀስ እያለች ወደ ድንጋዩ ተሳበች።

ስትራቲስ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ቀስ በል ልጄ" አለ። "ያዳልጣል።"

ጀልባዋ ሰው እንደረገጣት ሁሉ በአንድ ጎኗ ዘመም አለች።