ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው መርከብ

መሪዋ ወደ ግራ ታስሮ፣ ሸራዋ እንደተወጠረ፣ ትንሿ መርከብ በውቅያኖሱ መሃል ብቻዋን ትዋልል ነበር። ያገኘቻት እናት ናት። ፀጉር ቤቱን ስትጠርግ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ኮምፒውተር በመጥረጊያዋ እጀታ ነካ አደረገችውና ስክሪኑ ቦግ አለ።

«ና እስቲ» ብላ ልጇን ተጣራች። «የወንድምህ መርከብ ብቻዋን ናት።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ቆመ። ከታላቅ ወንድሙ ቀብር ወዲህ ያንን መጋረጃ ገልጦ አያውቅም። አላለቀሰም። ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሁሉ «ጠንካራ ነው» ብለው አደነቁት። አይ ሰው! ምን ጥንካሬ አለና? ጥርስ ሊነቀል እንደተወጋ ድድ መላ አካሉ ደንዝዞበት እንጂ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ፀጉር ቤቱንም የኮምፒውተር ጨዋታዋን መርከብም በጋራ ነበር የያዙት። አንዱ መቀስ ሲይዝ ሌላው መሪ ይይዛል። መሪ የያዘው የራሱ ደንበኛ ሲመጣበት «ተራ!» ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ሮጦ ይተካዋል። ሁለቱም ሥራ ከያዙ ታላቅየው ሸራ ማውረድ ይታክተውና ባለችበት እንድትዞር መሪውን ወደ ግራ አስሮ ይነሳል። «ትጠብቀናለች፣ የት አባቷ ትሄዳለች?» ይላል። በመጨረሻው ቀንም እንደልማዱ አስሮ ምላጭ ሊገዛ ወጣ፤ መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ አለች።

ጨዋታው ግን ሐዘን አያውቅም። ሰው ኖረም አልኖረም የመርከቧ በርሜል ውሃው ይጎድላል፤ ውሃው ያለቀ ቀን መርከቧ ትጠፋለች፣ ዳግም አትገኝም። በርሜሉ ሊሟጠጥ ጥቂት ነው የቀረው።

«ገመዱን ፍታው» አለች እናቱ።

«እሱ እኮ ነው ያሰረው።»

«አውቃለሁ። ካልፈታኸው ግን እሷንም ታጣታለህ።»

ፈታው። ምንም አልተሰማውም።

ውሃ የሚቀዳባት፣ ታላቅየው ሊደርስባት ያሰባት ደሴት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነበረች። ነፋስ ደግሞ ፊት ለፊት አይገጠምም፤ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዙ ነው የሚጠጉት። በደንበኛና በደንበኛ መሃል ባገኛት ፋታ ሁሉ ነዳ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ሞገዱ የመርከቧን አፍንጫ አንስቶ ወረወረው፣ ምሰሶዋ ተንቋቋ። ሸራውን በግማሽ አጥፎ አሰረ፤ የገባውን ውሃ እየቀዳ ደፋ። እናቱ «የሥራ ፈት ጨዋታ!» እያለች ስታንቋሽሽ እንዳልኖረች፣ አሁን መጥረጊያዋን ተደግፋ መርከቧን «አይዞሽ!» ትላለች።

«ያ ጥቁር ነገር ምንድነው? ጉብታ ነው?»

«ጉብታ አይተነፍስም፣ እማዬ።»

ዓሣ ነባሪው ጅራቱን አነሳ። ፀጉር አስተካካዩ መሪውን ጠምዝዞ ለጥቂት አመለጠ፤ የኋላ ጣውላዋ ግን ተሰነጠቀ። እጁ ሥራውን ይሠራል፣ እሱ ከሩቅ ያየዋል።

ደሴቷ በታየች ጊዜ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነውና፣ ባለ ጥቁር ሸራ ወንበዴዎች ከኋላ ብቅ አሉ። መርከባቸው ግዙፍ ነው፤ ሮጦ አያመልጣቸውም። ከፊቱ ሁለት ቋጥኞች ቆመዋል፤ በመሃላቸው ያለው መተላለፊያ ትንሽ መርከብ ብቻ ያሳልፋል። ወደዚያ አቀና።

በሩ ተበረገደ።

«ሰው የለም እንዴ? ቶሎ ተላጭቼ መውጣት አለብኝ!» አለ የታክሲ ሾፌሩ፣ የቆየ ደንበኛው።

«ተራ!»

አፉ ነው የጮኸው፤ እሱ አልነበረም። ማንም ሮጦ አልመጣም። እጁ ከመሪው ላይ ተንሸራተተ፤ ደንዝዞ የከረመው ደረቱ ማደንዘዣው የለቀቀው ይመስል ይጠዘጥዘው ጀመር።

መጥረጊያው መሬት ላይ ወደቀ።

«ተነስ ልጄ» አለች እናቱ። «ተራው የኔ ነው።»

ወጥቶ የሾፌሩን ፊት አረፋ ቀባ፣ ምላጩን አነሳ፤ ጆሮው ግን መጋረጃው ጋ ነበር።

«ወደ ግራ፣ እማዬ! ቀስ!»

ሾፌሩ ደርቆ ቀረ። «ምኑን ነው ወደ ግራ?»

«አንተን አይደለም። አትንቀሳቀስ።»

«ቋጥኙን እየነካች ነው!» ጮኸች እናት።

«ሸራውን ልቀቂው! የታችኛውን ቁልፍ ተጫኚ!»

እንጨት ከድንጋይ ሲፋጭ ተሰማ። ቀጥሎ አንዳች ነገር በኃይል ተሰባበረ። ሾፌሩ ችኮላውን ረስቶ አንገቱን አሰገገ።

«ማን ነው የተሰበረው?»

«ወንበዴዎቹ! ድራሻቸው ይጥፋ፣ ቋጥኙ ላይ ወጡ!»

የወደቡ ደወል ተደወለ።

«ገባች» አለች እናት። «ውሃም እየቀዱላት ነው። አሁንስ ምን ላድርግ?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የታቆረው እንባ በጉንጮቹ ላይ ይወርድ ነበር፤ ሊጠርገውም አልሞከረም።

«መሪውን እሰሪው» አለ። «ወደ ግራ።»

ሾፌሩ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ፣ ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ ዘረጋለት።