አርባ ሴንቲሜትር

አቶ ፀሃዬ ቂርቆስ ባለው ግቢያቸው፣ በተከራያቸው በኢብሮ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተደፍተው የተገኙት በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አጠገባቸው ኢብሮ ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳይገነጥለው የጫነው ድንጋይ ወድቋል። ድንጋዩ የእሱ በመሆኑ ኢብሮ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ተብሎ ማታውኑ ታሰረ።

በማግስቱ ጉዳዩ ለኢንስፔክተር መብርሂት ተሰጠ። ዋናው ምስክር የሟች ታናሽ ወንድም፣ ለገሃር አካባቢ ሒሳብ የሚያስተምረው መድሃኔ ነበር። ወንድማማቾቹ በአባታቸው ቤት ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። መድሃኔ ድመት ከአጥሩ ግንብ ወደ ጣሪያው ስትዘልና ድንጋዩን ስትገፋው ከአጥሩ ማዶ ባለው ቤቴ መስኮት አየሁ አለ። መብርሂት ስትጠራጠር ወረቀት አወጣ።

«ኳድራቲክ እኩልታ ነው፤ y = 2x − 0.75x²። x ከግንቡ ያለው ርቀት፣ y ከግንቡ ጫፍ በላይ ያለው ከፍታ። ጣሪያው ሁለት ሜትር ይርቃል፤ ከግንቡ ጫፍ ደግሞ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ከቻሉ ያስሉት።»

አራት ሲቀነስ ሦስት፤ አንድ ሜትር።

«ራስዎ ነው የለኩት?»

«በሜትር። አንድ ሴንቲ አልሳትኩም።»

«መቼ?»

«አስከሬኑ እንደተነሳ።»

ቃሉን አስፈረመችው።

ከዚያ ራሷ ለካች። ርቀቱ ሁለት ሜትር ልክ ነው። የጣሪያው ጠርዝ ግን ከግንቡ ጫፍ በአንድ ሜትር ከአርባ ይበልጣል። የግንቡ አናት በቅርቡ የተሰበረ ነው፤ ሥሩ ብሎኬት ተደርድሯል። ኢብሮ በአቶ ፀሃዬ ትእዛዝ በሞቱበት ዕለት ጠዋት ሁለት ረድፍ ማፍረሱን ነገራት። የሟች ሚስት ጽገረዳ ግን ለጥያቄው ሁሉ መልሷ ገዳዩን ኢብሮን ጠይቂው የሚል ነበር።

ከሰዓት ኢብሮንም ከእስር አስመጥታ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሁለት ረድፍ ብሎኬት አርባ ሴንቲ ነው» አለች። «የመምህሩ ድመት ከዚህ ግንብ ብትነሳ ከጣሪያው አርባ ሴንቲ ዝቅ ብላ ትቀራለች። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተለካው ግንቡ ሳይፈርስ ነው። ያኔ ደግሞ አቶ ፀሃዬ በሕይወት ነበሩ። መምህር፣ ወንድምዎ ሳይሞቱ ድመቷ እንዴት እንደምትገድላቸው አስልተው ጨርሰዋል። ድንጋዩን ሲያነሱ ያዩት አናታቸውን ነው እንጂ ግንቡን አይደለም።»

መድሃኔ ወደ ኢብሮ እየጠቆመ ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ ሲጨንቀው፣ እኔ ከለካሁ በኋላ አፍርሶት ቢሆንስ? ከእሱ ሌላ ማን ይመሰክርለታል?»

መብርሂት ወደ ጽገረዳ ዞረች። ጽገረዳ ኢብሮን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የፈረሰው» አለች በመጨረሻ። «ያጠብኩት ልብስ ላይ አቧራውን ሲያራግፍብኝ በእናቱ የሰደብኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

መድሃኔ ቀና ብሎ ግንቡን አየ።

የኢብሮ ካቴና ሲፈታ «አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላት ጽገረዳን።

«ላንተ ብዬ አይደለም። አሁንም ዓይንህን ማየት አልፈልግም» አለችና ገብታ በሩን ዘጋችው።