ያደረው ጠርሙስ

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የፓምፕ ሠራተኛውን ግን በፊርማ ነው የወሰደው። ረቡዕ ከሰዓት በማጣሪያ ጣቢያው ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ሬሳው ሳይነሳ ጥፋተኛ አገኘ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዋን። «ጉድጓዱ ከመርዝ ነጻ ነው» የሚለው ወረቀት ላይ የፈረመችው እሷ ናት። ሟቹ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«መርዛማው ጋዝ፣ ሰልፋይድ፣ ዜሮ ይላል» አለቻት መርማሪዋ ወረቀቱን እያየች።

«ሦስት ጊዜ ለካሁት፣ ዜሮ ነው። በገዛ እጄ ገደልኩት!»

«ውሃውን ማን ቀዳው?»

«ሥራ አስኪያጁ። ረቡዕ ጠዋት ‹አሁን የተቀዳ ነው› ብለው ሰጡኝ። እኔ ብቀዳ እዚያው የዚንክ ጠብታ እጨምርበት ነበር፤ ሰልፋይዱን ይዞ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። የእሳቸው ጠብታ የለውም።»

መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው።

«ጠብታው ለምን ቀረ?»

«ጠብታ የሚያስፈልገው ለሚያድር ውሃ ነው» አለ እየተንጠራራ። «የኛ ውሃ የበሰበሰ ቅጠል አለበት፤ ካደረ ሰልፋይዱን ይበላዋል። ይሄ ግን የዕለቱ ነው።»

ያለውን ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ ወደ ዘበኛው ሄደች።

«የጉድጓዱ ቁልፍ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው፣ አባባ?»

«ከአንገቴ አይወርድም፣ ልጄ። ሰኞ ለአለቃ ከፈትኩ፣ ውሃ ቀዱ። ከዚያ የከፈትኩት ረቡዕ ከሰዓት ነው፣ ለዚያ ምስኪን።»

ዓርብ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ፣ ሬሳው በወጣበት ቀን ከጉድጓዱ የተቀዱ ሁለት ጠርሙሶች ቆመዋል። ጠብታ ያለው ሥሩ ነጭ ሆኗል። ጠብታ የሌለውን እህትየው ለካችው።

«ዜሮ» አለች።

«ልኬትሽ ትክክል ነበር» አለቻት መርማሪዋ። «ቅጠል የበሰበሰበት ውሃ በሁለት ቀን ውስጥ ሰልፋይዱን ውጦታል። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ጭቃው አዲስ ሲያመነጭ ይውላል። ረቡዕ ጠዋት ክዳኑ አልተከፈተም፤ ስለዚህ የተሰጠሽ የሰኞ ውሃ ነው። ሲያድር እንደሚጠፋ የሚያውቀው ሰው ደግሞ በራሱ አንደበት ነግሮኛል።»

«ጣቢያው ነገ ሊመረቅ ነው!» ብሎ ጮኸ ሥራ አስኪያጁ። «ጉድጓዱ እስኪናፈስ ሳምንት ይፈጃል። ሰው ይሞታል ብዬ አይደለም...»

እህትየው እሳት ጎርሳ ተነሳች።

«ውሃውን ስለካ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር። ወንድሜ እዚህ መስኮት ሥር ቦቲውን ሲያጠልቅ አብረን አየነው። ‹እቴ፣ ልውረድ?› ሲለኝ ‹ውረድ› አልኩት። አንተ ሰማህ! አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

የፈረመችበትን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስታ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

«ፈርም» አለችው።