የባዩሽ ጀርባ

ባዩሽ ነቀምቴ ካለው ቤቷ ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር በደረቷ ተደፍታ ተገኘች። መሰላሉ አጠገቧ ወድቋል።

ስትነቃ ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። ታናሽ ወንድሟ ይስማው ብብቷ ሥር ገብቶ ሊያነሳት ይታገላል።

«ባጃጁ ቆሟል! አንሷት!»

«እንዳትነካት! ወገቧ ተሰብሮ ቢሆንስ?» አለ ጎረቤቷ ጨመዳ። የበር ሳንቃ ነቅሎ አመጣ። የሰፈሩን ሰው ጠርቶ፣ አንገቷና ወገቧ ሳይጣመም እኩል አንከባለው ሳንቃው ላይ አስተኟት።

እግሮቿ ደንዝዘዋል።

ሆስፒታል ውስጥ ይስማው እጇን ይዞ አለቀሰ። «እትዬ፣ ከመሰላሉ ስትወድቂ አይቻለሁ። በእግርሽ ነው ያረፍሽው።»

እሷ መሰላሉን መያዟን እንጂ ሌላ አታስታውስም። አመነችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው።

ዶክተር ኡርጂ ግን ራጁን አይታ ኢንስፔክተር ደረሳን አስጠራች።

«ከላይ ወድቆ በእግሩ ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ ተረከዙ ይጎዳል፤ አከርካሪውም ከፊት ይጨፈለቃል» አለችው። «የእሷ ተረከዝ ደህና ነው። አከርካሪዋ የተሰበረው ከኋላ ነው፤ ቆዳዋ ላይም የዱላ ሰንበር አለ። ስባሪው ነርቯን ተጭኗል። አንስተው አስቀምጠዋት ቢሆን ኖሮ ሽባ ሆና ትቀር ነበር። ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ትገባለች።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደረሳ አልጋዋ ዘንድ መጣ። ይስማውም አብሮት ነበር።

«አዴ ባዩሽ፣ ሐኪሟ በዱላ ተመትተዋል ትላለች። ከጨመዳ ጋር በአጥር ተጣልታችኋል?»

«ተጣልተናል። ማን ነገረዎት?»

«ወንድምዎ።»

«ሊገድለኝ የፈለገ ሰው በሳንቃ ያስተኛኛል?»

ደረሳ ወደ ይስማው ዞረ። «በእግሯ ስታርፍ አየሁ ብለሃል?»

«አዎ።»

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

«ተረከዟ ምንም አልሆነም። የተመታችው ከኋላዋ ነው። እንግዲያ ያየኸው ምንድን ነው?»

ይስማው ፖሊሱን ትቶ እህቱን አያት።

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ ነው የመታሁሽ።»

«በምን?» አለው ደረሳ።

«በዶማ እጀታ። ከመሰላል የወደቅሽ እንዲመስል ነበር ሐሳቤ። ልታሳስሪኝ አልነበር?»

ይስማው ከዚያ በፊት አርጆ መንገድ ላይ አንዲት ተማሪ በሞተር ሳይክሉ ገጭቶ ሸሽቶ ነበር። ልጅቷ ሞተች። ባዩሽ ነገሩን ስትደርስበት፣ ራሱ ሄዶ እጁን እንዲሰጥ ለምናው ነበር፤ እሺ ብሏትም ነበር።

«ብቻህን አልልክህም ነበር» አለችው። «ጣቢያ ድረስ አብሬህ ልሄድ ነበር እኮ።»

እጁ ላይ ካቴና ሲጠልቅ እንኳ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። በሩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ልታዞር ፈለገች። ወገቧ አልፈቀደላትም። እንባዋ በጆሮዋ ላይ ወረደ።

«ቃልዎን ነገ ልቀበል እችላለሁ» አለ ደረሳ ቀስ ብሎ።

«አይሆንም፤ አሁን ይጻፉልኝ። ግን ከእኔ አይጀምሩ። ከልጅቷ ይጀምሩ።»